ኮድ ዐሥራ ሰባት

ሥልጠናው ሦስት ቀን ነው፣ አዳራሹ ጠባብ፣
ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፦ «ጥናት መንደፍ፣ መረጃ መሰብሰብ»፤
ከይርጋለም፣ ከለኩ፣ ከአለታ ወንዶ የመጡ
ሠላሳ አንድ ባለሙያዎች በየወንበሩ ተቀመጡ።
በመስኮቱ ማዶ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣
አባ ኮዳ ቆሟል፣ ክንፉን እንደ ካፖርት ጥሎ ከዋርካው ሥር፣
መላጣ ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ውጭ ፈታኝ ሲያማትር።

የእኔ ድርሻ ማስተማር አይደለም፤ መለካት ነው ሥራዬ።
ሲገቡ ፈተና፣ ሲወጡ ፈተና፣ ያው ሃያ ጥያቄዬ፤
የፊቱን ከኋላው ቀንሼ
የተረፈውን «ዕውቀት» እለዋለሁ፣ ሠንጠረዥ አልብሼ።
ስም መጻፍ ክልክል ነው፤ ሁሉም በኮድ ይጠራል፤
እኔም አላዳላም፣ ያነሰውም ከሐፍረት ይተርፋል።

የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ያስቃል፣ ያሳዝናል።
«ናሙና ምንድን ነው?» ብል፣
አንዱ «ጠዋት በንጹሕ ብልቃጥ ይወሰዳል» ብሏል።
«አድልዎስ?» ላልሁት ጽፎልኛል፣ ፊደሉ የሰለቸው፦
«ሥልጠና በመጣ ቁጥር ያው ሰው ነው የሚላከው።»
ኤክስ አደረግሁበት፤
እጄ ግን ከወረቀቱ ቶሎ አልተነሣም፣ ቆየበት።

በሁለተኛው ቀን መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ዐይኑን ጨፈነ፤
ለአበል የመጣው ደስ አለው፤ ሌላው ተከዘ፣ ቀኑ ባከነ።
ዶክተር አማረች ጋቢሶ ግን «ተከተሉኝ» አለችን፤
በአሸዋው፣ በዓሣ ቅርፊቱ መሃል አሞራ ገደል አደረሰችን።
ከአንድ አጥማጅ መረብ ተቀብላ፣ ጣቷን በቀዳዳው አሾለከች፦
«በዚህ ያመለጠው ዓሣ የት ተጻፈ?» ብላ ጠየቀች።
ማንም አልመለሰ።
«ጤና ጣቢያ ደርሳ የወለደችውን ቆጠራችሁ፤
መንገድ ላይ የቀረችውስ በየትኛው መዝገባችሁ?»
አንዲት አዋላጅ ወደ ውሃው ዞረች፤
«አሸዋ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዐይኗን እያሸች።

ሦስተኛው ቀን። ያው ፈተና፣ ያው ዝምታ።
ባጃጆቹ እስኪተኙ አረምሁ፣ አንድ በአንድ፣ በእርጋታ።
አማካዩ ከስምንት ተነሥቶ ዐሥራ አራት ገባ፤
ግራፉ እንደ ታቦር ተራራ ወደ ላይ ተገነባ።
አንድ ወረቀት ብቻ ወረደ። ኮድ ዐሥራ ሰባት፦
ፊት ዐሥራ ሁለት፣ ኋላ ዐሥራ አንድ፤ ጠርዙ ላይ ወይን ጠጅ አሻራ አለበት፣
የአክታ መመርመሪያ ቀለም፣ ከአውራ ጣት የማይለቅ፣ በበረኪና ቢያጥቡት።

ጥያቄ ዐሥራ አራት። ያን ቀን «ሐ»ን ከብቦ ነበር፤ ትክክል።
ዛሬ አልከበበም። በእርሳስ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«የፊቱ ግምት ነበር፣ ተሳካልኝ።
አሁን አለማወቄን አወቅሁ፤ ዜሮ ስጡኝ።»

አስተባባሪው አቶ ሩዳ ትከሻዬ ላይ አዘነበለ፦
«‹ያልተሟላ› በላትና አውጣት፤ አማካዩን ለምን ትጎትት?» አለ።
መረቡ ትዝ አለኝ፣ የጣቷ መሹለክ።
አላወጣኋትም።

እንደዚያም ሆኖ ምን ለካሁ? ካልሠለጠነ አላነጻጸርሁ፤
ያንኑ ጥያቄ ሁለቴ ጠይቄ፣ ማስታወስን ዕውቀት አልሁ።
እኔን ራሴን ማን ፈተነኝ? ከሃያው ስንት አገኘሁ?

ሰኞ ጠዋት፣ ለኩ ይሁን ቦና፣ አላውቅም፣
አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሷል፤ ወረፋው ረጅም።
ሰማንያ መስክ አይቷል፤ ምንም የለም። ደጅ አንድ ሽማግሌ ይስላል።
«ኔጌቲቭ» ሊጽፍ እስክሪብቶ ያነሣል፣
ይመልሰዋል።
ወይን ጠጅ አውራ ጣቱ ስላይዱን በቀስታ ይገፋል፦
ሰማንያ አንድ።
ሰማንያ ሁለት።